አምባሰል የሚባል ዋይፋይ

ስለ ስደት የሚወራው ሁሉ በሌሊት ይጀምራል። እኔ ከሐይቅ የወጣሁት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ መንገድ ዳር ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ እያየኝ። ከወልድያ በኩል የመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ደሴ፣ አንድ ሰው፣ ደሴ» ሲል ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ።

እህቴ ፋጡማ ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለችኝ። በርበሬና ቅመም ይዛ ውጫሌ ገበያ የምትመላለስ ነጋዴ ናት። ሰው ስትሸኝ አታለቅስም፤ ሥራ አላት።

«ስትደርስ ደውል» አለችኝ።

«ደሴ ስደርስ ነው ጅዳ?»

«ደሴማ ደርሰህ ምን ትሆናለህ» አለች። ከዚያ የሚኒባሱን ቆርቆሮ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «አብሽር» አለችኝ።

ይህን ቃል ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው አንባቢ ግን፦ አይዞህ፣ በርታ፣ ያልፋል ማለት ነው። ለታመመም፣ ሰው ለሞተበትም፣ ፈተና ለወደቀም ይባላል። ጅዳ ስገባ ይኸው ቃል ቀድሞኝ ደርሶ አገኘሁት። እነሱ አብሽር ሲሉ «እሺ፣ በደስታ፣ ይደረጋል» ማለታቸው ነው። አከራያችን አቡ ሰዕድ ቧንቧው ሲፈስ አብሽር ይላል፤ ማቀዝቀዣው ሲቆም አብሽር ይላል። ቧንቧው እስከ ዛሬ ይፈሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውየው ምንም እንደማያደርግልኝ እየነገረኝ፣ እኔ የሚያጽናናኝ እየመሰለኝ አመስግኜው እገባ ነበር።

አገር ቤት የአንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ነበርኩ። የወረዳ ስብሰባ፣ የመኪና አደጋ፣ የማሽላ ዋጋ፣ አርዲቦ ዳር የወደቀ በረዶ እዘግብ ነበር። ጣቢያው ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ሁለት ወሬ አለ፤ ሁለቱንም ማረጋገጥ ስላልቻልኩ አልጽፋቸውም። የመጣሁት በአውሮፕላን፣ በሥራ ውል ነው። ይህን የምለው ልኮራ ሳይሆን ከእኔ በፊት ከሰፈራችን የወጡት በበረሃ በእግራቸው፣ ከዚያም በጀልባ ስለሆነ ነው። የደረሱ አሉ፤ የት እንደደረሱ የማይታወቅም አሉ። እኔ መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ እመዘግባለሁ። ከዘጋቢነት ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ካርቶን «እንዲህ አላልኩም» ብሎ አለመካዱ ነው።

ጅዳ ባሕሩ ቅርብ ነው። ሐይቃችን አመሻሽ ላይ የሚልከውን ነፋስ የለመደ ሰው፣ ይህ ባሕር ከዚያ የበለጠ ትልቅ ነውና ነፋሱም የበለጠ ይሆናል ብሎ ያስባል። ባሕሩ የሚልከው እርጥብ ፎጣ ነው፤ ፊት ላይ ተለጥፎ አይነሳም። ዓሣውም ትልቅ ነው፤ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። ሐይቅ ዳር ከነራሱ ተጠብሶ በአዋዜና በሎሚ የሚቀርበውን የለመደ አፍ ግን ዓሣ መሆኑን ሰው ካልነገረው አያውቀውም። የሕንፃው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አራት ፎቅ ሰው ይኖርበታል፤ ሰላምታ የለም። አሳንሰር ውስጥ የተገናኙ ሰዎች የፎቁን ቁጥር ያነባሉ።

ምድር ቤት ባለችው ክፍል ሦስት ነን። ከማል የአርዲቦ ልጅ ነው፤ ምግብ ያደርሳል፣ አፉ አያርፍም። አበባው ከአምባሰል ነው፤ ከሕንፃው ፊት ለፊት መኪና ያጥባል፣ ሲያጥብ ያንጎራጉራል፣ ሌላ ጊዜ ብዙ አይናገርም። የስልክ ካርድ ወሩን አላደርስ ሲለን ዋይፋይ ለማስገባት ተስማማን። መስመሩ የሚሰጠው የመኖሪያ ወረቀቱ ላልተጓደለ ሰው ነው። ያልተጓደለው የእኔ ስለነበር በእኔ ስም ወጣ።

መስመሩን የሚገጥመው ሠራተኛ መጥቶ የራውተሩን ሳጥን ከፍሪጁ ጀርባ አስቀመጠና ሄደ። ፍሪጅ ጀርባ የተቀመጠ ራውተር ለፍሪጁ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለእናንተም እንዲሠራ ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ አስቀምጡት። ሠራተኛው ሳይርቅ አቡ ሰዕድ ገባ፤ ሳጥኑን ገልብጦ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አነሳ።

«ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ለመጠባበቂያ።»

«የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ እኮ ነው።»

«ያ ሰይድ» አለኝ በስሜ ጠርቶ፤ «ግድግዳው የማን ነው?»

«ያንተ።»

«ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦስ?»

«ያንተ።»

«መስመሩ በማን ስም ነው?»

«በእኔ።»

«ጥሩ። በዚህ መስመር አንድ ሰው ክፉ ነገር ቢጽፍ ፖሊስ የሚወስደው አንተን ነው። ግድግዳው የእኔ፣ ሽቦው የእኔ፣ ጥፋቱ ያንተ» አለ፤ ሒሳቡ በትክክል እንደተከፈለለት ሰው ደስ ብሎት ወጣ።

የተናገረው ነገር ትክክል ነው፤ ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሳጥኑ ሥር የተለጠፈውን ፓስወርድ በዚያው ቀን ቀይሩት። ፓስወርዱ ሁለት ነው፦ አንዱ ዋይፋይ የሚያስገባው፣ ሌላው የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍተው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቀይሮ ሁለተኛውን ይረሳል፤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን መስኮት ላይ እንደማስቀመጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን ማንም የማይገምተው አድርጌ ቀየርኩ። የመጀመሪያውን ግን ሦስታችንም የምናስታውሰው እንዲሆን ተመካከርን። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

«ስሙን አምባሰል በለው» አለ አበባው።

«ፓስወርዱስ?»

«ባቲ።»

ገጹ እንቢ አለ፤ ከስምንት ፊደል ማነስ የለበትም። «ትዝታ» አለ ከማል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ስድስት ነው፤ እሱም አጠረ። «እንግዲያው አንቺሆዬ» አልን፤ ገባ። ገጹ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት አድርጎ ጠንካራ መሆኑን መሰከረልን።

ጥቂት ሳምንት ደህና ሄደ። ከዚያ አመሻሽ ላይ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ከማል ከእናቱ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ የእናቱ ፊት ዓይን ጨፍኖ ይቆማል። የማስተካከያ ገጹን ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ የተያያዙ ስልኮች ተራ በተራ ይታያሉ። ሦስቱን አወቅኋቸው። አራተኛው የማንም አይደለም፤ አሮጌ ሞዴል፣ ስም የሌለው።

«ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፓኪስታናዊ ነው» አለ ከማል።

«ማስረጃህ ምንድን ነው?»

«ሁሌ ስልክ ያያል።»

«አንተስ ምን ታያለህ?»

ከማል ስልኩን ተቀበለኝና የኔትወርኩን ስም ቀየረ። ስም ሲቀየር የተያያዘው ሁሉ ይወጣል፤ ተመልሶ ለመግባት አዲሱን ስም መርጦ ፓስወርዱን እንደገና መጻፍ ግድ ነው። ስለዚህ ሰርጎ ገቡ አዲሱን ስም ሳያነብ አይገባም። ከማል ያወጣው ስም «ሌባ ነህ» የሚል ነበር። ገጹ የእኛን ፊደል አይቀበልም፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ስሞች ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ናቸው።

«አማርኛ ባይችልስ?» አለ አበባው።

«አንቺሆዬን ያለ አማርኛ ማን ያገኘዋል?»

እውነቱን ነው።

እራት በልተን ስንጨርስ ስልኬ ላይ በዙሪያችን ያሉትን ዋይፋዮች ዘርዝሬ አየሁ። የአፓርታማ ቁጥሮች፣ የዐረብኛ ስሞች፣ የአቡ ሰዕድ የራሱ፤ ከሁሉ በታች ደግሞ ደከም ያለ አዲስ ስም። ሰው የስልኩን ሆትስፖት ሲከፍት እንደዚህ ይታያል። ስሙ «ነሽ በል» ይላል።

ከማል ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሴት ናት» አለ።

«ሌባ መሆኗን አልካደችም» አለ አበባው፤ «ያረመችው ሰዋስው ነው።»

አገር ቤት ቢሆን አጥር ላይ ተንጠላጥለህ ትጠይቃለህ፤ ጎረቤትህ ማን እንደሆነች ሳታውቅ አንድ ቀን አታድርም። እዚህ አጥራችን ይህ ዝርዝር ሆነ። ስሙ ከሠላሳ ሁለት ፊደል አይበልጥም፤ ለሰላምታ እንኳ ጠባብ ነው። እሷ ለመመለስ ሆትስፖቷን ስትከፍት ከእኛ መስመር ትወጣለች፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ መስማትና መናገር አትችልም። ጠያቂ እኔን አደረጉኝ፤ ሥራዬ ነበርና።

«የማን ልጅ ነሽ» ብዬ ጻፍኩ።

«የይመር ከውጫሌ» ብላ መለሰች።

«ውጫሌ የት» አልኩ፤ አበባው ውጫሌ ስለተማረ ያረጋግጥልኛል።

«ከገበያው በላይ» አለች። አበባው ራሱን ነቀነቀ።

«ፓስወርድ ማን ሰጠሽ»

በማግስቱ አመሻሽ የመጣው መልስ «ባቲ አጠረ ትዝታ አጠረ» የሚል ነው። ከማል እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። አንድ የወሎ ልጅ አምባሰል የሚል የተቆለፈ ዋይፋይ ካየ ቀሪዎቹን ሦስት ቅኝቶች ይሞክራል፤ ከሦስቱ ስምንት ፊደል የሚሞላው አንዱ ብቻ ነው። ቁልፉን በሩ ላይ ጽፈን ነበር የቆለፍነው፤ ደግነቱ ጽሑፉን የሚያነብ ከእኛው አገር ሰው በቀር የለም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ስሟ ዘሐራ ነው። ሦስተኛ ፎቅ በሰው ቤት ትሠራለች። «ሲሜን ወሰዱት» አለች። «ውሌ አልቋል አይለቁኝም» አለች። ስልኩ ከእሷ በፊት የነበረች ልጅ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ትታው የሄደች ነው፤ ሲም የለውም፣ መኖሩንም ቤቱ አያውቅም። በእኛ ዋይፋይ የምትደውለው ለአባቷ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ከቀናት ምልልስ ለቅሜ ነው እንዲህ በአንድ አንቀጽ የጻፍኩት። ከሁሉ በኋላ የላከችው «አደራ ፓስወርድ አትቀይሩ» የሚል ነበር።

የደህንነት ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ የማታውቁት ስልክ ካያችሁ ወዲያው ፓስወርድ ቀይሩ ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ለሚያነብ ሁሉ ያንኑ እላለሁ። እኛ ግን አልቀየርንም። መስመሩ በእኔ ስም መሆኑን፣ አቡ ሰዕድ ያለውንም አልረሳሁም። ብንቀይረው ይመር የሚባል አንድ ሰው ውጫሌ ላይ ልጁን ያጣል፤ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

የአገራችን ሰው ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄጄ ነገሩን ለማመልከት ሙሉ ስሟ፣ የአሠሪዋ ስም፣ የፓስፖርቷ ቁጥር ያስፈልገኛል። ይህ በዋይፋይ ስም የሚላክ አይደለም፤ ሕንፃው ሁሉ ያየዋል። ስልክ ቁጥሬን ብሰጣት ግን በጽሑፍ መነጋገር እንችላለን። ቁጥሩን በአኃዝ ከጻፍነው ማንም ያነበዋል፤ በቃል ከጻፍነው፣ ዜሮ፣ አምስት እያልን፣ የሚያነበው የእኛ ሰው ብቻ ነው። ሠላሳ ሁለት ፊደል ስለማይበቃ ለሦስት አመሻሽ ከፈልነው። የመጀመሪያውን ክፍል ላክን። «ደረሰ» አለች።

በማግስቱ እኔ መጋዘን፣ አበባው መኪና እያጠበ፣ ከማል ብቻውን ቤት ነበር። ዝርዝሩን ሲያይ ስሟ ተቀይሯል፤ «ዛሬ መቱኝ» ይላል።

ከማል የቁጥሩን ነገር ረሳው። እህቱ ብትሆን የሚላትን አላት። ኔትወርኩን «አብሽሪ እህቴ» ብሎ ሰየመና ምግብ ሊያደርስ ወጣ፤ ስሙ ቀኑን ሙሉ በአራቱ ፎቅ ሁሉ ስልክ ላይ ዋለ።

አመሻሽ ላይ ስገባ አቡ ሰዕድ በሩ ላይ ቆሟል። አብሽር አላለም።

«ማን ናት?» አለኝ።

«ማን?»

«አብሽሪ ያላችኋት።»

«እሱ የአገራችን ቃል ነው» አልኩት። «እኛ ዘንድ አይዞሽ ማለት ነው።»

«ለወንድ ምን ትላላችሁ?»

«አብሽር።»

«ለሴትስ?»

ቁልፌን ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።

«በእናንተም አገር ሴት ናት ማለት ነው» አለ። «የሦስተኛው ፎቅ ሰውዬ ስልኩን ይዞ መጣ። በሕንፃዬ ውስጥ ሴት የሚያባብል ወንድ ማን ነው አለኝ። በቤቴ ሚስቴ አለች፣ ሁለት ሴት ልጆቼ አሉ፣ ሠራተኛዋ አለች፣ ለየትኛዋ ነው አለኝ። ምን ልበለው?»

«ለማንም አይደለም በለው።»

«አብሽር» አለ አሁን፤ እንደማይለውም ገባኝ።

ስለ ቋንቋ ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሌባ ነህን፣ የማን ልጅ ነሽን፣ ባቲ አጠረን ማንም ዐረብ ሊያነበው አይችልም። ከአማርኛችን ውስጥ እነሱ የሚያነቡት ቃል ያችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ ከወንድና ከሴት መለያዋ ጋር። ከማል የእኛ ናት ብሎ ጻፋት። ከእነሱ የመጣች መሆኗን አላወቀም፤ ለእኛ ከትውልድ ትውልድ የእኛ ሆና የቆየች ናትና። ይህን ስነግረው አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን አላወለቀም።

«እኔ እኮ አይዞሽ ማለቴ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አይዞሽ ብዬ ብጽፍስ ኖሮ?»

«ማንም አያነበውም ነበር።»

በዚያው ማታ ስሙን ወደ አምባሰል መለስነው። የዘሐራ ሆትስፖት አልታየም። አራተኛው ስልክ ከገጹ ላይ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጧት አበባው መኪና ሲያጥብ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ከሦስተኛው ፎቅ ሰውዬ ጋር ወረደች፤ አንድ ፌስታል ይዛለች፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ ሄዱ። ፊቷን አላየም። «እሷ ናት?» ብዬ ስጠይቀው ቧንቧውን እንደያዘ ብዙ አሰበ። «በሕንፃው ውስጥ የምትሠራ ሌላ ሴት የለችም ካልከኝ እሷ ናት» አለ። ሌሎች እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ይህን እንደ አንድ ያልተረጋገጠ ነገር እጽፈዋለሁ።

ፈቃድ ጠይቄ የአገራችን ሰዎች የሚሠሩበት አንድ ቢሮ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ትሁት ነበር።

«የጠፋችው ምንህ ናት?»

«ጎረቤቴ።»

«መልኳን ልትነግረኝ ትችላለህ?»

«አይቻት አላውቅም።»

«ድምፅዋንስ?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ በምን ተዋወቃችሁ?»

«በዋይፋይ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ የኢንተርኔት ጉዳይ እዚህ አይደለም» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ፎቶ፣ ፓስፖርት፣ የሞተ ሰው ወረቀት ይዘዋል፤ እኔ የያዝኩት ሦስት ቅኝትና ሲሶው ብቻ የተላከ የራሴን ስልክ ቁጥር ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ምንጭህ ማን ነው ብዬ እመልሰው ነበር። ሙሉ ስም ካመጣህ ተመለስ አለኝ፤ ተስማማን።

ሙሉ ስም ያለው ውጫሌ ነው። ፋጡማ ጋ ደወልኩና ነገሩን ሳላስረዝም ነገርኳት።

«ይመር በውጫሌ ስንት እንዳለ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ከገበያው በላይ። ዘሐራ የምትባል ልጁ ዐረብ አገር ያለች።»

«እሱም ብዙ ነው» አለች። ከዚያ «ለገበያ ስወጣ እጠይቃለሁ» አለችኝ።

እስከዚያ ድረስ ራውተሩን እንደ ሰው አስተካከልኩት። አቡ ሰዕድ ሁሉም ነገር እንዲቀየር አዞ ነበር፤ ትእዛዙም ለአንዴ ትክክል ነበር። ዋናውን ኔትወርክ በክፍላችን ቁጥር ሰየምኩት፤ ፓስወርዱን ከማንም ዘፈን፣ ከማንም አገር ጋር የማይገናኝ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል አደረግኩት። ሳጥኑ ጀርባ ያለችውን፣ ተጭነው ያለ ፓስወርድ የሚገቡባትን አዝራር ከማስተካከያ ገጹ አጠፋኋት። አብዛኛው ራውተር ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ኔትወርክ ማውጣት ይችላል፤ በዚያ የሚገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የእናንተን ስልክና ኮምፒዩተር አያይም። እሱን ከፈትኩ። ስሙን አምባሰል፣ ፓስወርዱን አንቺሆዬ አደረግኩ። አቡ ሰዕድ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል «የተራራ ስም» አልኩት። «ተራራ ወንድ ነው ሴት?» አለኝ። ወንድ ነው አልኩት፤ ሄደ።

በዚህ መስመር አንድ ሰው ክፉ ነገር ቢጽፍ የሚጠየቀው እኔ መሆኔ አልተለወጠም። ሕንፃው ውስጥ ያንን ፓስወርድ ሊገምት የሚችል ሌላ የወሎ ሰው ካለ ይገባል። እስካሁን የገባ የለም። ገጹን ጧት ከመውጣቴ በፊትና ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ፤ በእንግዳው ዝርዝር ሥር ባዶ ነው።

ፋጡማ የደወለችው ከገበያ ነው። ከጀርባዋ የሰው ጫጫታ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ አንድ ሰው በርበሬ የሚያስመርጥበት ድምፅ ይሰማል። «አገኘኋቸው» አለች፤ «ሰውየው አጠገቤ ነው፣ ላገናኝህ።» ዘሐራ ይመር እንድሪስ እንደሆነች፣ የፓስፖርቷም ፎቶ ኮፒ እነሱ ቤት እንዳለ አስቀድማ ነገረችኝ። ሥራዋን ታውቃለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም ልጄ። የሐይቁ ልጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ዘሐራ ስላንተ አውርታልኛለች። ጎረቤት አገኘሁ ብላ።»

ቤተሰቡ፣ ዝናቡ፣ ማሽላው እንዴት ነው አልኩ። አልሃምዱሊላህ አለ። ዝናቡ ደህና ነው፤ እናትየው ትንሽ ወገቧን አሟታል፤ እሱ ደህና ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ፋጡማ እንዳትሰማው ይመስላል።

«ስልኳ ከጠፋ ቆየ። ኔትወርክ ነው አይደል?» አለኝ። «እዚህም ሰሞኑን ይሄዳል ይመጣል። እናቷን ኔትወርክ ነው እያልኳት ነው።»

አገር ቤት ይህ ቃል ስንቱን ነገር እንደሚሸፍን ሁላችንም እናውቃለን። ያልተደወለ ስልክ፣ ያልመጣ ሰው፣ ያልደረሰ መልስ፤ ኔትወርክ ነው ይባልና ይታለፋል። አዎ ብዬ ብመልስለት ይበቃው ነበር፤ ለሚስቱም ይዞት ይገባ ነበር። የማውቀውን በልቤ ቆጠርኩ፦ ስልኩ ከመስመሩ ወጥቷል፤ አንዲት ሴት በመኪና ሄዳለች፤ ማን እንደሆነች አልተረጋገጠም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ነው የጠየቀኝ።

«አይደለም አባባ» አልኩት። «ኔትወርኩ ይሠራል።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁ፤ ሰዓቱ ይቆጥራል።

«ይሠራል» አለ በመጨረሻ። «የምትገባበት አለ ማለት ነው?»

«አለ። ስሙም ያው ነው፣ ፓስወርዱም ያው ነው። ከመጣች ይከፍትላታል።»

«እንግዲያው አትዝጋው» አለኝ።

እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩንም አንዳችንም አልዘጋነውም።